እኔ፣ መምሬ አዱኛና ቀይዋ ሞተር

ሞተር ብስክሌቷን የገዛኋት ለመጽሐፏ ብዬ ነው ስል የሚያምነኝ የለም። መካኒኩ ይርጋ እስከ ዛሬ ነገሩን ሲያነሣው ይስቃል። እናንተም ብትስቁ አልቀየምም፤ ያን ቀን የሆነውን ተናግሬ እስክጨርስ ግን ጥቂት ሳቅ አስቀሩልኝ።

ያን ጊዜ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ቁመታቸው ከወገቤ ከማያልፍ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ። አሥራ ሁለተኛን የጨረስኩት በማታው ክፍለ ጊዜ፣ ዲፕሎማውን ያገኘሁት በርቀት ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ አመል ያወጣል፤ ስሕተት አያሳልፍም። አለቃዬ የፈረሙበት ደብዳቤ ላይ ቀኑ ካልተሟላ አልመዘግብም ብዬ እመልስባቸው ነበር። በዚያ መሥሪያ ቤት ምሳ አብሮኝ የሚበላ ሰው ያልነበረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። እኔንም ምሳዬን ከመጽሐፍ ጋር መብላቱ አልከበደኝም።

መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉን ቀድሞ ይሰማል። አምበር ላይ የጎልማሶች ትምህርት ተቆጣጣሪ ሊቀጠር መሆኑን ማስታወቂያው ከመውጣቱ ከአምስት ወር በፊት ሰማሁ። ሥራው በየገጠሩ እየዞሩ ትልልቅ ሰዎች ፊደል የሚቆጥሩባቸውን ጣቢያዎች ማየት ነው። ያንን ሥራ እንዴት እንደፈለግሁት ልነግራችሁ አልችልም። የእኔ እኩዮች የሆኑ፣ ወረቀት በቀረበላቸው ቁጥር አውራ ጣታቸውን ቀለም የሚያስነኩ ሴቶች በየመንደሩ አሉ፤ እኔም እስከ አሥራ ስድስት ዓመቴ ከእነሱ አንዷ ነበርኩ። እነሱን እርሳስ ለማስያዝ እንጂ አቧራ የጠጣ ፋይል ለማገላበጥ እንዳልተፈጠርኩ እርግጠኛ ነበርኩ። ችግሩ፣ ተወዳዳሪው የራሱን ሞተር ብስክሌት ይዞ ቀርቦ በተግባር ይፈተናል መባሉ ነው። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ብስክሌት እንኳ ነድቼ አላውቅም።

ይርጋ ጋራዥ ሁለት አሮጌ ሞተሮች ነበሩ። አንዷ እግሯ ረጅም፣ ቀለሟ ጭቃ የመሰለ፣ በየወረዳው የምናያት ዓይነት ናት። ሌላዋ ሸራ ለብሳ ጥግ ላይ ቆማለች። ሸራውን ሲገልጠው ደማቅ ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ልትወረወር የተዘጋጀች የምትመስል ነገር ወጣች። ለመንገድ ሥራ የመጣ አንድ ጣሊያናዊ አገሩ ሲመለስ ትቷት የሄደ የሩጫ ሞተር ናት። ይርጋ ወዲያው መልሶ ሊሸፍናት ሲል ያዝኩት።

ተያት አለኝ። ይቺ ተጎንብሶ የምትነዳ፣ ለለሰለሰ አስፋልት የተሠራች ናት፤ ብትወድቅ መለዋወጫዋ ከባሕር ማዶ ነው፤ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ብርድ አትወድም። የቀረውን ንግግር ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ያችኛዋ መጽሐፍ አላት?» አልኩት፣ ወደ ጭቃማዋ እያሳየሁ።

«የምን መጽሐፍ?»

«እንዴት እንደምትነዳ፣ እንዴት እንደምትጠገን የሚናገር።»

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ?»

ቀይዋ ግን መጽሐፍ ነበራት። ከመቀመጫዋ ሥር በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ሁለት መቶ ገጽ የሚሆን። ሥዕሎቹ ላይ ቁጥር ያልተሰጠው አንድ ብሎን አልነበረም። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በሕይወቴ አይቼ ስለማላውቅ ልቤ እዚያው ቀረ። ዓመታት ያጠራቀምኳትን አውጥቼ ከፈልኩ።

መጽሐፉ የተጻፈው በጣሊያንኛ ነው፤ እኔ የማውቀው ላቲኑን ፊደል ብቻ። ስለዚህ ከሥራ መልስ ጋራዡ በራፍ ላይ ባለ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ ድምፄን ከፍ አድርጌ እቆጥርለት ጀመር። «ካንዴላ» ስል ይርጋ ቀና አለ። «ፍሬኖ» ስል ሥራውን አቆመ። «ፍሪሲዮኔ፣ ጎማ፣ ካቻቪቴ» ስል አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

«እንዴ፣ ይኼማ አማርኛ ነው» አለኝ።

ዕድሜውን ሙሉ ጣሊያንኛ ሲናገር መኖሩን ያን ቀን አወቀ። ከዚያ በኋላ ግማሹን በይርጋ፣ ግማሹን በአንድ አሮጌ መዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር በአማርኛ ደብተር ላይ ገለበጥኩት። አራት ወር ፈጀብኝ።

ከእሷ ጋር መኖር ቀላል አልነበረም። የማርቆስ ጠዋት ስለሚከብዳት እስክትሞቅ ድረስ አጠገቧ ቆሜ ማንበብ ነበረብኝ፤ አሥር ገጽ ሲሆን ትነሣለች። ከቀሚሴ ሥር ሱሪ አድርጌ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አጥብቄ አሥሬ ስወጣ ሰፈሩ በር በሩ ላይ ይወጣል። ከፊት ለፊቴ ያሉት ጎረቤቴ፣ ባል እንዳያመልጠኝ ነው ወይስ ከባል ላመልጥ ነው እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። እጅግ ተጎንብሼ ስለምነዳት ደግሞ ከሩቅ ላየኝ ሰው እጅ እየነሣሁ የምሮጥ እመስላለሁ። አንዳንድ ሽማግሌዎች ሰላምታ መስሏቸው ቆብ አንሥተው አጸፋውን ይመልሱልኝ ነበር።

የንስሐ አባቴ መምሬ አዱኛ ጎረቤቴም ናቸው። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ቀልዳቸውን ፊታቸው ላይ የማያሳዩ ሰው። የፈተናው ዋዜማ በአጥሩ በኩል ጠሩኝ። የሚጠሩኝ በክርስትና ስሜ ነው።

«ወለተ ኪዳን፣ አምበር ያለችውን እህቴን ሳልጠይቃት ቆየሁ።»

«ሚኒባስ አለ እኮ አባቴ።»

«ሚኒባሱን ማን ባረከው? ያንቺን ነገ ጠዋት ባርኬ እሄድበታለሁ።»

ሊሄዱባት የፈለጉት ከገዛኋት ቀን ጀምሮ መሆኑን አውቅ ነበር። እሺ አልኩ።

ፈተናው አራት ሰዓት ላይ ነው። ያን ሳምንት ከከተማው ቤንዚን ጠፍቶ ስለነበር ጠዋት ተነሥቼ የነዳጁን ክዳን ከፈትኩና በእንጨት ለካሁ። ጥቂት ናት፤ ታደርሰኛለች። በዚህ መሐል ማመልከቻዬ ላይ አንድ ቃል ሁለት ጊዜ መጻፌ ትዝ አለኝ። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዤ ልሄድ? ሮጬ ገባሁና እንደገና በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩት። ስወጣ መምሬ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ በአንድ እጃቸው መስቀል፣ በሌላው ጠበል ያለበት ትልቅ የላስቲክ ጠርሙስ ይዘው ቆመዋል። ሞተሯ ከፊት እስከ ኋላ ረጥባለች። ክዳኑንም ዘግተውልኛል። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ አስነሣኋት።

የኋላው መቀመጫ ከነጂው ከፍ ያለ ነው። መምሬ እዚያ ላይ ሲወጡ እኔ ከታች ተጎንብሼ፣ እሳቸው ከላይ ቀና ብለው፣ ዣንጥላቸውን በጀርባቸው አዝለው ከከተማ ወጣን። የፍጥነት መለኪያው ከጣሊያናዊው ዘመን ጀምሮ አይሠራም፤ ያን ቀን ግን አላስፈለገኝም። መምሬ ጆሮዬ ሥር ዳዊት ይደግሙ ነበር። ቀስ ስል ቃል በቃል ይሰማኛል፤ ስፈጥን ቃላቱ እርስ በርስ ይጋፋሉ። ቁልቁለቱ ላይ አንዱን መዝሙር ጀመሩ ስል ሌላው ላይ ደረሱ።

መንገዱን ስናጋምስ ነዳጁ አለቀ። ይህን ጠብቄው ነበር፤ ከጉልበቴ ሥር ያለውን መዘውር ከታንኩ ወለል ወደሚቀዳው መጠባበቂያ አዞርኩት። ጥቂት እንደሄደች አነቃት፣ አስነጠሳት፣ ከዚያ ጸጥ አለች። ተነሺ ብላት እምቢ። ዳር አውጥቼ አቆምኳት። ግራና ቀኝ የስንዴ ማሳ ነው። ሰዓቴ ሦስት ከሃያ ይላል።

ደብተሬን አውጥቼ ገጹን ፈለግሁ። ራሴ በጻፍኩት አማርኛ፣ ሞተሩ ወደ መጠባበቂያው ሲዞር ካነቀው ከታንኩ ወለል ውሃ መኖሩን አጣራ ይላል፤ ውሃ ከቤንዚን ይከብዳልና ከታች ይተኛል።

«አባቴ፣ ውሃ ገብቶባታል» አልኩ።

«ዝናብ የለ፣ ከየት ይገባል?»

«እኔም እሱን ነው የምለው።»

መምሬ ወደ ስንዴው ዞሩ። ጥምጥማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «ስባርካት» አሉ በመጨረሻ፣ «እግሯንም እጇንም ረጨሁ። አፏን ከፍታ አየኋት።»

«እና?»

«ሰው ሲታመም መረጨት ብቻ ነው እንዴ? ይጠጣል እንጂ።»

«ስንት አጠጧት?»

«አንድ ሲኒ» አሉ። ፊቴን አዩና «ሁለት ይሆናል» አሉ።

ካቻቪቴውን አውጥቼ ተንበረከክሁ። የነዳጁን ቱቦ ነቅዬ ከታች ያለውን ላፈስ ስል መምሬ እጄን ያዙት። ያን ያህል ኃይል እንዳላቸው አላውቅም ነበር።

«መሬት ላይ እንዳታፈሺው። ሰውና ከብት በሚረግጠው ላይ ጠበል አይደፋም።»

እውነታቸውን ነው፤ እኔም ያደግሁት በዚሁ ነው። ግን ምን ውስጥ ይፍሰስ? ያለን ዕቃ የመምሬ ጠርሙስ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከግማሽ በላይ ጠበል አለው። እሱም አይደፋም፤ መጠጣት አለበት። እኔ ቁርስ በልቻለሁ፤ ጠበል በባዶ ሆድ ነው። በባዶ ሆድ ያሉት እሳቸው ናቸው።

መምሬ የመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡና መጠጣት ጀመሩ። ጥቂት ይጎነጫሉ፣ ያርፋሉ፣ ጠርሙሱን ብርሃን ላይ አንሥተው ስንት እንደቀረ ያያሉ፣ ይተነፍሳሉ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። አንድ ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ በዚያ ብርድ ጠዋት። ልስቅ ወይስ ላለቅስ እያልኩ ሳለሁ ከኋላችን የሞተር ድምፅ መጣ።

ደምሰው ነው። ለዚያው ቦታ የሚወዳደር፣ እኛው መሥሪያ ቤት የሚሠራ ልጅ። ጋራዡ ውስጥ የነበረችውን ጭቃማዋን ሞተር የገዛት እሱ ነው። አጠገባችን ቀስ አለና የተበተነውን ብሎን አየ።

«እህት ዓለም፣ መጽሐፉን ነው የምታነቢው ወይስ ሞተሯን?» አለኝ። ወደ መምሬ ዞሮ ደግሞ አምበር እንዲያደርሳቸው ከኋላው እንዲወጡ ጋበዛቸው።

መምሬ የጎረሱትን ውሃ ዋጡ። «እኔ የመጣሁት ከእሷ ጋር ነው» አሉና ጠርሙሱን መልሰው አፋቸው ላይ አደረጉ።

ደምሰው ጭሱን አልብሶን ሄደ። ጠርሙሱ ባዶ ሲሆን ሦስት ከሃምሳ ሆኗል። ከታንኩ ሥር ያለውን አፈሰስሁ፤ መጀመሪያ ውሃው፣ ከኋላው ቤንዚኑ መጣ፤ ጠርሙሱ ውስጥ ለሁለት ተከፍለው ተቀመጡ፤ ልክ መጽሐፉ እንዳለው። ካርቡራቶሩንም ባዶ አደረግሁ። ቱቦውን መለስኩ፣ አሥር ጊዜ ሞከርኩ፣ በአሥራ አንደኛው ተነሣች። መምሬ ጠርሙሱን ደረታቸው ላይ አቅፈው ወጡ። ከዚያ እስከ አምበር ዳዊቱ በአንድ ትንፋሽ ነበር።

አምበር የደረስነው አራት ሰዓት ከሩብ አልፎ ነው። ፈታኙ አቶ አያሌው የሚባሉ፣ ሁልጊዜ ግንባራቸውን የሚያሹ፣ ደግ ግን ደንብ የሚያከብሩ ሰው ናቸው። ጸሐፊያቸው ከጎናቸው ቃለ ጉባኤ ይዟል። ደምሰው ፈተናውን ጨርሶ ሞተሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል። ምዝገባው አራት ሰዓት ላይ ተዘግቷል አሉኝ፤ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ካላቀረብሽ አልፈትንሽም። ምክንያትሽ ምንድን ነው?

እውነቱን ብናገር የንስሐ አባቴ በአደባባይ መሳቂያ ሊሆኑ ነው። ውሸት ደግሞ አልችልበትም። እጄ በቤንዚንና በቅባት ጠቁሯል፤ ከኋላዬ ሸሸግሁት። አቶ አያሌው ለጸሐፊው «ያለ ምክንያት ብለህ ጻፍ» አሉት። አምስት ወር፣ ሁለት መቶ ገጽ፣ እነዚያ አውራ ጣታቸውን ቀለም የሚያስነኩ ሴቶች፣ ሁሉም በዚህች አንዲት መስመር ሊያልቅ ነው።

ያን ጊዜ አቶ አያሌው መምሬን አዩአቸው። ፈጥነው ተነሥተው መስቀል ተሳለሙ። ዓይናቸው ጠርሙሱ ላይ ዐረፈ።

«አባቴ፣ ጠበል ነው አይደል? ይኼ ራስ ምታት ሊገድለኝ ነው። ዛሬ ደግሞ እህል አልቀመስኩም» አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

መምሬ ጠርሙሱን ወደ ጎን አሸሹት። «ይኼ ለእርስዎ አይሆንም።»

«ምነው? ኃጢአቴ በዛ?»

«ኃጢአትዎንስ አላውቅም። ቤንዚን አለበት።»

ከዚህ በኋላ መደበቂያ አልነበረም። መምሬ እዚያው ቆመው፣ በዚያው በማይስቀው ፊታቸው፣ ሁሉን ነገር ከመጀመሪያው ተናገሩ። እሷ ጥፋት የለባትም አሉ። ክዳኑን ከፍቼ የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ልጅቷ ቤት ውስጥ ነበረች፣ አላየችም።

ክዳኑን ከፍቼ ማለታቸውን ልብ በሉ። ክዳኑን ክፍት ትቼ የገባሁት እኔ ነኝ። «ክዳኑን ከፍተህ አትለይ» የሚለውን ራሴ ተርጉሜ፣ ራሴ በቀይ አስምሬበት ነበር።

ጸሐፊው ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ይስቃል። ደምሰው ደንብ ደንብ ነው አለ። አቶ አያሌው ግንባራቸውን እያሹ ብዙ አሰቡና፣ ካህን ያመጣው ችግር ከአቅም በላይ ካልሆነ ሌላ ምን ከአቅም በላይ ይሆናል አሉ። ተፈቀደልኝ።

ነዳኋት። ገበያ የሚወጡ ሴቶች መሐል፣ ሁለት ፍየሎች ዙሪያ፣ ሜዳውን ዞሬ ያለ እንከን መለስኳት። ደምሰውም ከእኔ አላነሰም። ልዩነቱ የመጣው በአንድ ጥያቄ ነው። ሞተር ገጠር ውስጥ፣ መካኒክ በሌለበት ቢበላሽባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ደምሰው ገፍቼ ወደ ከተማ እወስዳታለሁ ብሎ ነበር። እኔ እጆቼን ከኋላዬ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። ከዚያ ያን ጠዋት ያደረግሁትን በቅደም ተከተል፣ ብሎን በብሎን ነገርኳቸው። ቦታው የእኔ ሆነ።

ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን እንድፈርም አቀረበልኝ። እንደ ልማዴ አነበብኩት። «ካህኑ የነዳጁን ክዳን ከፍተው ጠበል በመጨመራቸው፣ ተወዳዳሪዋ ከአቅሟ በላይ በሆነ ምክንያት ዘግይታለች» ይላል። ሁለት ስሕተት። ክዳኑን እሳቸው አልከፈቱትም። ከአቅሜም በላይ አልነበረም። ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ ያለ ወረቀት ተቀብዬ ያሳለፍኩበት ጊዜ የለም። ቀና ስል መምሬ ጠርሙሳቸውን አቅፈው ጣሪያውን ያያሉ።

ፈረምኩ።

ከዚያ ወዲያ ሰባት ዓመት ያን ሥራ ሠራሁ። ቀይዋ ሞተር ከአስፋልቱ ስለማትወጣ ዳር ላይ ካሉ ገበሬዎች ቤት እያስጠጋኋት ቀሪውን በእግሬ እሄድ ነበር። ሴቶቹ መጀመሪያ የመጡት እሷን ለማየት ነው፤ ቆይተው ለፊደሉ ቀሩ። በስማቸው የሚፈርሙ ብዙ አሉ ዛሬ። እናንተ ግን አንድ ነገር ልትጠይቁኝ መብት አላችሁ፤ ያ ሁሉ የቆመው በስሕተት ቃለ ጉባኤ ላይ አይደለም ወይ? ነው። አልክድም። እኔም ያን ቀን ሌሊቱን አልተኛሁም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የሰው ስሕተት ባየሁ ቁጥር እርሳሴን ከማንሣቴ በፊት፣ ይህን ያደረገው ሰው ምን አስቦ ነው ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ ብዙ ጊዜ ደግ ነው። ምሳም ከሰው ጋር መብላት ጀመርኩ።

ኃጢአቱን ግን መናዘዝ ነበረብኝ፤ ለማን? በሳምንቱ መምሬ ዘንድ ሄጄ ተንበረከክሁ። የሐሰት ቃል ላይ እያወቅሁ ፈርሜያለሁ አልኩ። ቃሉንም የሰጠውን ሰው ያውቁታል አልኩ።

መምሬ መስቀላቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «አርባ ስግደት ነው» አሉ በመጨረሻ።

«እሺ አባቴ።»

«ሃያው የእኔ ነው።»

እኔ የእኔን ሃያ በዚያው ሳምንት ሰገድኩ። የእሳቸውን አልቆጠርኩም።